የጋሽ ታደሰ ፈቃድ

የምሠራው መካኒሳ፣ አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ቢሮ ውስጥ ነው። ሰርቨራችን ቀርፋፋ ስለሆነ በዘበኛችን ስም «ጋሽ ታደሰ» እንለዋለን። ውስጡ ትርፍ ፕሮሰሰሮች አሉት፤ ፈቃድ ካልተገዛላቸው ግን አይሠሩም።

የደንበኛው ወረፋ ሲብስ ለአዲሷ የአስተዳደር ኃላፊ ደወልኩ።

«ጋሽ ታደሰ በግማሽ አቅሙ ነው የሚሠራው። ባስቸኳይ ፈቃድ ያስፈልገዋል።»

«እኔም ሳየው ያሳዝነኛል» አለች። «ዛሬውኑ እፈርምለታለሁ።»

እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ጠዋት ስደርስ ሠራተኛው በሙሉ የተዘጋ በር ፊት ቆሟል። ስልኬ ጠራ፤ ዘበኛው ነው።

«ፈቃዱን ያሰጠኸኝ አንተ ነህ አሉ፤ ተባረክ ልጄ። አገሬ እየገባሁ ነው፣ ሞጆን አልፈናል።»

«የበሩ ቁልፍስ፣ ጋሽ ታደሰ?»

ኪሱን ሲዳብስ ይሰማኛል።

«ውይ» አለ።