ቢላ እጅ በእጅ አይሰጥም

ፈሪ ነኝ። ይህን ሳልናገር ቀጥሎ ያለውን ባወራ ሰው ጀግና ሊያስመስለኝ ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ልናገረው። ውሻ እፈራለሁ፣ ሀይዌይ እፈራለሁ፣ ከቀጠረኝ ኤጀንሲ የሚደወል ስልክ እፈራለሁ። እዚህ ቴክሳስ ከምኖርበት ከዩለስ ወደ ሥራዬ ወደ ካሮልተን ስነዳ እንኳ ሀይዌዩን ትቼ በውስጥ ለውስጥ ነው የምሄደው፤ መንገዱ ይረዝምብኛል፣ ይርዘም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ቢላ ነው፤ ፈጣሪም ይህን አይቶ መሰለኝ እንጀራዬን ቢላ ከሞላበት ቤት አደረገው።

ቤቱ የአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ነው። እኔ የቤት ለቤት አስታማሚ ነኝ፤ ገላ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ላይ ሥዕል እየቀረጹ ወረቀት ላይ ሲያትሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አባባ እላቸው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀውኝ ብነግራቸው፣ "ገና ሰማንያ ስድስቴ ነው፣ ለዚያ አልደረስኩም" ብለው ሳቁብኝ።

የመጀመሪያ ቀን ልጃቸው በር ላይ ጠበቀችኝ። ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። "አባቴን ስትሮክ መትቶታል። ዓይኑ ደህና ነው፣ ግን በግራ በኩል ያለ ነገር ለእሱ የለም" አለችኝ። "ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ባለፈው ጊዜ ጣቱን ቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ሆስፒታል አድሯል። ቅረጽ አትቅረጽ ስንባባል ቆይተን አንድ ነገር ላይ ተስማምተናል። ዳግመኛ ከተቆረጠ፣ አንዲት ጭረት ብትሆን እንኳ፣ ቢላዎቹን ሁሉ እወስዳለሁ። የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ።" የቢላዎቹን ሳጥን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠችና ሄደች። እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ወደ ቤቴ ብመለስ ደስ ባለኝ ነበር።

በግራ በኩል ያለ ነገር የለም የሚለው የገባኝ ምሳ ሳቀርብ ነው። የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ጥርግ አድርገው ይበሉና "ዛሬስ አሳነስሽብኝ" ይሉኛል። ሳህኑን ሳዞርላቸው አዲስ ምግብ የመጣ ይመስል ይገረማሉ። እኔም እስቃለሁ። ከምሳ በኋላ ግን ይህ ሰው ምላጭ የመሰለ ቢላ ይዞ እንደሚቀመጥ ሳስብ ሳቄ ጥርሴ ላይ ይደርቃል።

የሚሠሩት ከቤቱ ጋር በተያያዘው የመኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪና ከገባበት ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንድ ኤሲ መስኮቱ ላይ ያጉረመርማል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የተቀረጸ የቼሪ ጣውላ የተደረደረበት ነው። ሥዕሉ መጀመሪያ ስስ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ በሩዝ ሙጫ ጣውላው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ መስመሩ ብቻ ቆሞ እንዲቀር ዙሪያው ይቀረጻል። ቆሞ የቀረው ቀለም ይይዛል፣ የተቆረጠው ነጭ ይሆናል፣ ያልተነካ ቦታ ካለ ደግሞ እንዳለ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ቢላውን በጡጫቸው ጨብጠው ወደ ራሳቸው፣ ወደ ደረታቸው ነው የሚስቡት። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ፋሻና ፕላስተር አጥቶ አያውቅም።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነው ቀራጭ ቤት የገቡት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቢላ ከመሳልና ከመጥረግ በቀር ሥራ አልነበራቸውም። በእነሱ ወግ ሣዩ ሌላ ሰው፣ ቀራጩ ሌላ፣ አታሚው ሌላ ነው። ቀራጭ ከሁሉ መጨረሻ የሚፈቀድለት ፀጉር ነው፤ በተለይ በሴት ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ከቆዳ የሚነሳው፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነው። እሳቸው ፀጉር የተፈቀደላቸው ቀራጭ ቤት በገቡ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዚያ አንዲት አሜሪካዊት አስተማሪ አግብተው ቴክሳስ መጡ። እዚህ ደግሞ አታሚ ከየት ይምጣ? ሚስታቸው ተማረች። እሳቸው ይቀርጻሉ፣ እሷ ቀለም ትቀባና ወረቀቱን አልብሳ በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ክብ ማሻሻ ታሻለች። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ። እሷ ስትሞት ጣውላዎቹ የሚያትማቸው አጡ።

እኔ ስደርስ የያዙት የእሷን ፊት ነበር። አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ አንገቱ አልቋል። የቀረው ፀጉሩ ነው፤ ሳይቀረጽ ቢታተም ጥቁር ሻሽ ያሰረች ነው የምትመስለው። "ይህን ከጨረስኩ ቢላዎቹን ራሴ ለልጄ አስረክባታለሁ" ይሉኝ ነበር። "ሚስቴን ጥቁር ሻሽ አስሬባት ግን አልሞትም።"

በእኛ ዘንድ ቢላ እጅ በእጅ አይሰጥም፣ ያጣላል። ሰጪው ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሳል። እሳቸው ያደጉበት ቤት ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀራጩ ዓይኑን ከጣውላው ሳያነሳ መዳፉን ይዘረጋል፣ ቢላው በእጀታው በኩል እዚያ መገኘት አለበት። በመጀመሪያው ቀን መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ምነው?" አሉ። ምክንያቱን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ገላዬን የምታጥቢው አንቺ ነሽ፣ ከአንቺ ጋርማ መጣላት አልፈልግም" አሉ። ሶ ተስማማን። በቀኛቸው በኩል ነጭ ፎጣ አነጠፍኩ፤ ቢላ የሚቀመጠው እዚያ፣ የሚነሳውም ከዚያ ሆነ። ለብዙ ሳምንት አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

በየወሩ በመጀመሪያው ረቡዕ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ይሞከራል። አውቃለሁ። ያን ዕለትም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ሙከራ መሆኑም አልጠፋኝም፤ ፈሪ ሰው ግን ማወቁ ምን ይረዳዋል። በግራቸው በኩል ቆሜ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ከሁሉ የቀጠነውን የፀጉሩን ቢላ አውጥቻለሁ። መዞር፣ ፎጣው ጋ መድረስ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሳይረኑ ጮኸ። ደንግጬ ቢላውን በቀረበኝ በኩል ጣል አደረግሁት፤ በግራ። እሳቸው ጣውላውን ሊያስተካክሉ ግራ እጃቸውን አሳረፉ።

ስለቱ አውራ ጣታቸው ሥር ገብቶባቸው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነጩን ፎጣ ስቤ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት፤ ፎጣው ቀላ፣ ሁለተኛ ደረብኩ፣ እሱም ቀላ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነው የያዝኩት። ሳይረኑ አበቃ፣ ኤሲው ብቻ ቀረ። እሳቸው እጃቸውን አላዩም። ደሙ ጣውላው ላይ ጠብ ብሎ እንደሆነ ነው አንገታቸውን አስግገው የሚያዩት። "አልነካትም" አልኳቸው። "አልነካትም አባባ።" ከብዙ ጊዜ በኋላ ደሙ ቆመ። አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩት።

"አትንገሪያት" አሉኝ። "የቀረኝ እኮ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።" በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ሲለምነኝ ማየት አሳፈረኝ። ብናገር የሚስታቸው ፀጉር ይቀራል፣ እኔም ምናልባት ከሥራዬ እባረራለሁ። ብደብቅ ደግሞ እኔ ሄጄ ብቻቸውን በተኙበት ፋሻው ቢፈታስ? ይህ ፍርሃት ሌላውን ሁሉ በለጠብኝ። ኮል አደረግኩላት።

"ተቆርጠዋል" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢላውን በግራ በኩል አስቀመጥኩት።"

"ደሙ ቆሟል?"

"ቆሟል።"

"እየመጣሁ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት አልደርስም። ቢላዎቹን ቆልፊያቸው።"

ስልኩን ዘጋሁ። እሳቸው ሁሉንም ሰምተዋል። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጡም። "አንድ ሰዓት" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉ። "ግራ እጄ አይይዝልኝም። ጣውላውን አንቺ ያዢልኝ።"

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቆልፊ ተብያለሁ፣ ቆልፌ መቀመጥ እችል ነበር፤ የሚወቅሰኝም የለም። ነገር ግን የእኔ ድንጋጤ ያችን ሴት ሻሽ እንዳሰረች ሊያስቀራት ነው የሚለው ነገር አንጀቴን በላው። ቢላውን ጠራርጌ አነሳሁት። ፎጣው በደም ርሷል፣ ማስቀመጫ የለም።

"እጅ በእጅ ብሰጥዎት ቢያጣላንስ?" አልኩ።

"አሁንማ ተጣልተናል፣ ነግረሽብኛል" አሉ።

እጀታውን መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። ከዚያ ዞሬ በግራ በኩል ቆምኩና ጣውላውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ይኼኔ ነው ነገሩ የታወቀኝ። እጆቼ ያሉት ለእሳቸው ምንም በሌለበት ቦታ ነው። ከተናገርኩ አለሁ፣ ዝም ካልኩ የለሁም። "እጄ እዚህ ነው አባባ" እላለሁ፣ እንጨቱን በጣቴ እመታለሁ። ቢላው ይቆማል። ይስባሉ፣ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥር ይነሳል፣ እፍ ይላሉ። "እጄ እዚህ ነው።" ይስባሉ። ጣውላው እንዳይነቃነቅ ክርኖቼን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። ስለቱ ከትንሿ ጣቴ የአንድ ጥፍር ያህል ብቻ ርቆ ሲያልፍ አይቻለሁ።

"እፈራለሁ" አልኳቸው።

"እኔም" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "ሚስቴን እኮ ነው የምቆርጠው።"

ግንባሩ አለቀ። ጆሮ ግንዷ ላይ ያለው ግማሹ አለቀ። አውራ ጣት የምታህል ያልተነካች ቦታ ስትቀር የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን።

ልጃቸው በቀኝ በኩል ገባች። የሆስፒታል ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ቢላውን አየች፣ ፋሻውን አየች፣ ከስለቱ ፊት ያለውን የእኔን እጅ አየች። እጄን ማንሳት አልቻልኩም፤ ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣውላውን ለረጅም ጊዜ አየችው። የእናቷ ፊት ተገልብጦ ነው ያለው፣ ፀጉሩ ግን ፀጉር ነው።

መዳፏን ዘረጋች።

አባባ ያልተነካችውን ቦታ አዩ፣ ቀጥሎ መዳፏን አዩ። ቢላውን እጇ ላይ አላኖሩትም። ሸሚዛቸው ላይ የነበረውን ንጹሕ መሐረብ አውጥተው በቀኝ በኩል አነጠፉና፣ እጀታውን ወደ እሷ አዙረው እዚያ ላይ አስቀመጡት።

"አንቺ አንሺው" አሉ። "እጅ በእጅ ከተሰጠ ያጣላል።"

ልጃቸው ነገሩ አልገባትም፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ አነሳችው።