ባልዲ የያዘው ልጅ

ባለቤቴ ኦዴሊያ እዚህ ሚሲሲፒ፣ በወረዳችን ፍርድ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በጽዳት ሠርታለች። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የአስተናጋጆች አለቃ ነበረች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ጓንት አጥልቃ ሰው ታስቀምጣለች፤ አስከሬን ሲወጣም ከፊት የምትሄደው እሷ ናት።

በፍርድ ቤቱ ደረጃ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የሸራ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ጥቁሮች ጎንበስ ብለው ጥጥ ይለቅማሉ፤ ነጩ ጌታ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይስቃል። ሠዓሊው የለቃሚዎቹን መልክ የወሰደው ከእኛው ሰፈር ሰዎች ነው። ከፈረሱ ሥር የውሃ ባልዲ ይዞ የቆመው ልጅ የኦዴሊያ አባት ሩፈስ ነው። ቤታቸው ሲቃጠል ፎቶዎቹ ሁሉ ስለጠፉ፣ የአባቷ መልክ ያለው እዚያ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መሰላል ላይ ወጥታ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለት ነበር። ፈረሰኛውን ግን አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። «አቧራ ይብላው» ትል ነበር።

ሥዕሉ ይውረድ ብለው ሰልፍ የወጡት የእኛው ልጆች ናቸው። መሪያቸው የእህቷ ልጅ ማርኪታ ነበረች።

«አክስቴ፣ ሰው ለፍርድ ሲመጣ ያንን ጉድ እያየ ነው የሚገባው። ለሱ ነው የምትሟገቺው?»

«ስለ ፈረሰኛው ምን ገደደኝ? ከፈለጋችሁ አቃጥሉት! አባቴን የት ልታደርጉት ነው?»

«መጋዘን ይገባል።»

«እንደ አሮጌ ወንበር! አያትሽ እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ!»

«አያቴ ስለሆነ ነዋ! ከፈረስ ሥር ቆሞ ማየት አልችልም።»

ኦዴሊያ ቦርሳዋን አንስታ እንደተናደደች ወጣች።

የወረዳው ምክር ቤት ሥዕሉ እንዲወርድ ወሰነ። በስብሰባው ላይ ሥዕሉን የመረመረው ባለሙያ ሪፖርት ተነበበ፦ «ስማቸው የማይታወቅ የእርሻ ሠራተኞች። የልጁ ፊት ባልታወቀ ሰው አላግባብ በመጠረጉ ቀለሙ ለቋል።»

ቤት እንደገባን ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ክሊቶን። በገዛ እጄ።»

ውሃ ቀዳሁላት። አልጠጣችም።

«ያልታወቀ ሰው ይሉኛል! ሽንት ቤቱ ሲደፈን ግን ስሜን እየጠሩ ነበር የሚጮሁት!»

ሥዕሉ በወረደ ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ ሄደች። ሸራውን ጠቅልለው ረጅም የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተውት ነበር። በሩ ላይ ቆመች።

«ኦዴሊያ፣ ዞር በይ እንጂ፣ መኪናው ቆሟል» አላት የሠራተኞቹ አለቃ፤ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ነጭ ጎልማሳ።

«ወይዘሮ ሪቨርስ በለኝ» አለችው በእኔ የቤተሰብ ስም። «እናትህን ስትቀብር ስሟ ሳይነበብ ነው የሸኘሃት?»

ሰውየው ቀላ። ማርኪታ ለማየት ከተሰበሰበው ሕዝብ መሃል ወጣችና የሰልፉን መፈክር የጻፈችበትን ወፍራም እስክሪብቶ አቀበለቻት። ኦዴሊያ የቀኝ ጓንቷን አወለቀች። እንጨቱ ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ «ባልዲ የያዘው ሩፈስ ቲልማን ነው። ፊቱን የጠረገችው ልጁ ኦዴሊያ ናት።» ጓንቷን መልሳ አጠለቀችና እስከ መኪናው ድረስ ከሣጥኑ ፊት ፊት ሄደች።

መጋቢት ላይ ሞተች። ባለፈው ወር መጋዘኑ ሄጄ ሥዕሉን ልየው አልኩ። መዝገብ ያዢዋ ዝርዝሯን ገለጠች።

«ስማቸው የማይታወቅ ሠራተኞች የሚለውን ነው?»

«ተነሺና ሣጥኑን አንብቢው» አልኳት።