የጎረቤቴ ጥቁር ወይን

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን ጥቁር ወይን ከሥሩ ቆረጥኩት። እኛ የብርዳማዋ ሞላሌ ሰዎች ውርጭ የገደለውን ተክል እናውቃለን ባዮች ነን። ቅጠሉ ረግፎ ሐረጉ ደርቆ ሳየው «ይሄስ አለቀለት» ብዬ ማገዶ አደረግሁላትና ምስጋና እየጠበቅሁ ቆምኩ።

እሷ የመርሐቤቴ ልጅ ናት። ወይኑን ያመጣችው ከዓለም ከተማ፣ ከእናቷ ጓሮ ነው። እዚያ ነጩን ወይን እሸቱን ይበሉታል፤ ጥቁሩን ግን አድርቀው ዘቢቡን ለቅዳሴ ይሰጡታል። እሷም የመጀመሪያውን ፍሬ ለቤተ ክርስቲያን ተስላ ነበር።

«ጋሼ፣ ተኝቶ እኮ ነው!» አለች ራሷን ይዛ። «በበጋ ይተኛል። እርስዎስ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ ማን ቆረጠዎት?»

«እኔማ ስለማንኮራፋ በሕይወት መኖሬ ይታወቃል።»

እንባ ባቀረረ ዓይኗ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉቶውን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው።

ጉቶውን ከብርድ እንዲተርፍ ገለባ አለበስኩት። ዘቢብ ከገበያ ልግዛልሽ ብላት «ስለት በሰው ጓሮ ፍሬ አይከፈልም» አለችኝ። እናም ከዚሁ ጉቶ የበቀለ አንድ ዘለላ ወይን ዕዳ አለብኝ።