በጨርቅ ላይ የተሰፋች ቃል

በልብስ ፋብሪካው መስኮት ጥግ የምትሠራው ባለመነጽር ሰፊ፣ በምሳ ሰዓት ከመሳቢያዋ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ ታወጣለች። ጨርቋ ላይ አሥራ ስምንት የልብስ ቁልፎች ተሰፍተዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ «ቴክ» ለምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል የአንድ ትርጉም ምልክት ነው፦ መውሰድ፣ ማውለቅ፣ ልክ መውሰድ፣ ወገብ ማጥበብ... ትርጉሙን በራሷ ዓረፍተ ነገር ሳትናገረው ቁልፍ አትሰፋም። የትእዛዝ ወረቀቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለክፍል ኃላፊነት የሚሰጠው ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቴ የጣለቻት ይህችው ቃል ናት። የመጨረሻው ዕድሏ ነገ ነው።

«እትዬ፣ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቃል! ተጠናወተችዎ እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የምትሰፋው ልጅ እየሳቀች።

«ሁለቴ የጣለችኝን አንዴ ሳልጥላትማ አልለቃትም፣ ልጄ።»

አሥራ ዘጠነኛው ትርጉም ቦታ መያዝ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ለራሷ አለችውና እጇን ቁልፎቿን ወደምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ሰደደች፤ ባዶ ነው። ከፋብሪካው ቁልፍ አንዲት እንኳ ነክታ አታውቅም። መቀሷን አንስታ ከካፖርቷ የቀረችውን የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆረጠችና ጨርቋ ላይ ሰፋቻት።

ማታ ከበሩ ስትወጣ ነፋሱ ካፖርቷን ወለል አድርጎ ከፈተው። እሷ ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈች።