ነጭ ቀለም የማይሸፍነው መስመር

ጋሽ ብሩሽ በዕድሜያቸው ሙሉ አንድም ስሕተት አጥፍተው አያውቁም፤ ሸፍነው ነው የኖሩት። ይህን ስል ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ታፔላ ጻፊ ሁሉ እንዲሁ ነው። መስመር ሲንሻፈፍበት፣ ፊደል ሲወፍርበት፣ የመደቡን ቀለም ነከር ያደርግና ከላይ ይለቀልቅበታል፤ ከደረቀ በኋላ ማን ያውቅበታል? እሳቸውማ ደንበኛው አጠገባቸው ቆሞ እያወራቸው የተበላሸውን ሸፍነው፣ ደህናውን ጽፈውበት፣ ሰውየው ነገሬም ሳይለው "እጅዎ ይባረክ" ብሎ ይሄድ ነበር። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእጅ ታፔላ የሚያጽፍ ሰው ጠፋ። ሁሉም ባነርና ስቲከር ሆነና ብሩሾቹ ቆርቆሮ ውስጥ ደርቀው ቀሩ። ያኔ ያስጠጋቸው አንድ የማስታወቂያ ቤት አለቃ ነው፤ የመጀመሪያ ሱቁን ታፔላ የጻፉለት እሳቸው ስለነበሩ ይሉኝታ ያዘው። ማሽን የቆረጠውን ስቲከር ትርፉን እየላጡ የደንበኛው መስታወት ላይ ይለጥፋሉ። ሥራው ብዙም አያኮራም፤ ግን ጠዋት ተነሥቶ የሚሄዱበት ቦታ ነው፤ ለጋሽ ብሩሽ ደግሞ ጠዋት የሚሄዱበት ቦታ ማጣት ማለት መታመም ማለት ነው።

ማስታወቂያ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። መግቢያው ላይ የመስታወት በር፣ በስተግራ መቁረጫው ማሽን፣ በስተቀኝ ኮምፒውተሩና ዲዛይነሯ። ዲዛይነሯ ነፍሰ ጡር ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሆዷን በልብስ ስትደብቅ ጋሽ ብሩሽ "ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣም ከሆነ ይጠፋል" እያሉ ያስቋት ነበር። ገፋ። ሲገፋ ግን ጣጣው ለእሳቸውም ተረፈ። አለቃው አንድ ቀን ዐይናቸውን ሳያይ፣ ጣቱን እያፍተለተለ፣ እሷ ለወሊድ ስትወጣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል አላቸው። ወይ እሳቸው የዲዛይኑን ፕሮግራም ይማራሉ፣ ወይ እሱ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ሌላ ሰው ከመጣ ደግሞ መለጠፉንም ደርቦ ይሠራዋል፤ ቤቱ ለሦስት ሰው አይበቃም። ጋሽ ብሩሽ ማሰናበቻ ሲሰሙ ያውቁታል። ማታ ቤት ገብተው ለሚስታቸው "አለቃዬ ኮምፒውተር ካልተማሩ ብሎ ለመነኝ" አሏት። ይቺንም ሸፈኗት።

ትምህርቱ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ ሲቀንስ ሆነ። ማውዙን እንደ ብሩሽ በሦስት ጣት አንሥተው አየር ላይ ያዙት፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ዲዛይነሯ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጃቸውን በእጇ ይዛ ገፋችላቸው። ክብና አራት ማዕዘን ማውጣት፣ ውስጡን መቀባት፣ ጠርዙን ማወፈርና ማቅጠን፣ አንዱን ቅርጽ ከሌላው ፊትና ኋላ ማድረግ በደህና ሄደ። ችግሩ የመጣው መስመር መሳያው ላይ ነው። ጥምዝ ሳሉ ስትላቸው ዳር ዳሩን ተክ ተክ እያደረጉ ነጥብ በነጥብ ሄዱ፤ የሳሉት ቅጠል እሾህ የለበሰ መሰለ።

"ጋሼ፣ ነጥብ ሲበዛ መስመሩ ይንቀጠቀጣል" አለቻቸው። "አንድ እዚህ ይትከሉ፣ አንድ እዚያ። ሁለተኛውን ሳይለቁ ጎተት ያድርጉት፤ መስመሩ ራሱ ይታጠፍልዎታል።"

ጎተት አደረጉት። መስመሩ ለስለስ ብሎ ታጠፈ፤ ድሮ በአንድ ትንፋሽ እንደሚስቡት ዓይነት። ጋሽ ብሩሽ ልጅ ሆኑ። ቅጠሉን የግድግዳ ያህል አሳደጉት፤ መልሰው የጥፍር ያህል አሳነሱት፤ ጠርዙ ያው ነው፣ አይደበዝዝም። ለምን ብለው ቢጠይቋት ኮምፒውተሩ የሚይዘው ነጥቦቹንና በመካከላቸው ያለውን መንገድ ስለሆነ፣ በየመጠኑ እንደገና ይስለዋል አለቻቸው። በሐሳብ እንጂ በቀለም አይደለማ ሥዕሉ ያለው፣ አሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ላይ እንኳ ጣታቸው ገበታው ላይ ነጥብ ሲተክል ሚስታቸው ታያለች።

ግን የለመደ እጅ ክፉ ነው። መስመር ሲበላሽባቸው ወደ ኋላ መመለሻውን ወይም ማጥፊያውን መንካት አልሆንላቸው አለ። ከዚያ ይልቅ ያወቋትን የአራት ማዕዘን ጥበብ አመጧት፤ ትንሽ ነጭ ቅርጽ ያወጡና ስሕተቱ ላይ ደፍተው ያልፋሉ። መደቡ ነጭ፣ መሸፈኛው ነጭ፤ ማን ያውቅበታል? ዲዛይነሯም አላወቀችም። ስክሪኑን ስታየው ንጹሕ ነው፤ "ጎበዝ ጋሼ" ብላ ወገቧን ይዛ ትሄዳለች።

የመነጽር ቤት ሥራ መጣ፤ ለመስታወቱ መነጽር ያደረገ ትልቅ ዐይን። አለቃው ይህ የእርስዎ ይሁን አላቸው፤ ፈተና መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ብሩሽ ቅንድቡን ሰባት ጊዜ ሳይስሉት አልቀሩም፤ ስድስቱን ሸፈኑ። ዐይኑ አምሮ ወጣ። ሰማያዊ ስቲከር ማሽኑ ላይ ተጫነና ቢላዋው ወዲያ ወዲህ እያለ መቁረጥ ጀመረ። ሲበዛበት፣ ሲቆይ፣ አንድ ቦታ ሲመላለስ ጊዜ ጋሽ ብሩሽ ማሽኑን ጠረጠሩ። ስቲከሩን ዘርግተው ትርፉን መላጥ ሲጀምሩ ዐይኑ እንደተከተፈ ጎመን በጃቸው ላይ ብትንትኑ ወጣ።

ዲዛይነሯ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና አንድ ነገር ነካች። ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ ባዶ መስመር ብቻ ቀረ። ከነጮቹ ሥር የተቀበሩት ቅንድቦች፣ የተንጋደዱት መነጽሮች፣ የነጮቹ ዳር ዳር ራሱ ሳይቀር አንድ በአንድ ተደርድረው ታዩ።

"ማሽኑ ቀለም አያይም፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። "መስመር ብቻ ነው የሚያየው።"

ጋሽ ብሩሽ በአደባባይ ልብሳቸውን የተገፈፉ ያህል አፈሩ። አለቃው ሲገባ ልጅቷ ሳላየው ቀርቼ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ቀደሟትና ጥፋቱ የእኔ ነው አሉት። አለቃው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። የመነጽር ቤቱን ዐይን ዲዛይነሯ በዚያ ባበጠ እግሯ ተቀምጣ እንደገና ሠራችው።

ማታ ለሚስታቸው እውነቱን ነገሯት። ልመና እንዳልነበረ፣ ሥራው ሊሄድ እንደሆነ፣ ዛሬ ስቲከር እንዳበላሹ፣ ሁሉንም። ሚስታቸው ሰማችና "የተለመነ ሰው እንደዚያ አይጨነቅም ብዬ ገምቼ ነበር" አለች። ቀጥላም "ካረጁ አይበጁ ያለው ሰው ሳይሞክር ያረጀ ነው። ነገ ሂድ" አለቻቸው።

በማግሥቱ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ደረሰ። አለቃው ወደ ደንበኛ ሲወጣ ለዲዛይነሯ አንድ ሥራ ትቶ ሄደ፤ በሩ ላይ የሚለጠፍ፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ፦ "ልምድ ያለው ዲዛይነር እንፈልጋለን።" ክፋት አልነበረበትም፤ ፊት ለፊት መናገር አቅቶት ነው። ግን በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ ማውዙን ይዛ ፈዝዛ ቀረች፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ ብሩሽ ከኋላዋ ቆመው አነበቡት። አዎ፣ ማልቀስም አሰኝቷቸው ነበር።

"ተነሺ ልጄ" አሏት። "እኔ ልሥራው።"

ከኮምፒውተሩ ፊደል አንድም አልወሰዱም። በታፔላ ዘመናቸው የሚጽፉትን፣ እግሩ ወፈር፣ አንገቱ ቀጠን የሚለውን የራሳቸውን ፊደል ነጥብ እየቆጠቡ ሳሉት። ሦስተኛው ፊደል ላይ መስመሩ ሄደባቸው። እጃቸው በልማድ ወደ አራት ማዕዘኑ አመራ፤ መንገድ ላይ ቆመ። ማጥፊያውን ተጫኑ። ፊደሉ ጠፋ፤ ምልክት እንኳ አልተወም። ለካ ነገር እንዲህም ይሄዳል! እንደገና ሳሉት፤ ደግሞ አጠፉት፤ ደግሞ ሳሉት። ሲጨርሱ ቀለሙን አንሥተው ባዶ መስመሩን አዩ፤ መኖር ከሚገባው በቀር ምንም የለም። ቆረጡት፣ ላጡት፣ በሩ ላይ ለጠፉት።

በነጋታው ጠዋት አለቃው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አነበበው፤ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ እንደገና አነበበው። ገብቶ ይህን ፊደል ከየት አመጣሽው ብሎ ዲዛይነሯን ጠየቃት፤ በአገጯ ወደ ጋሽ ብሩሽ አመለከተችው።

"ምን እንደሚል አንብበውታል አይደል?" አላቸው።

"አንብቤዋለሁ። ሰው ከፈለግህ ሰው ሊያነበው ይገባል።"

አለቃው ሥራውን አስከፈተና ቀለሙን አንሥቶ መስመሩን ተመለከተ። አጎንብሶ ብዙ ቆየ። የሸፈኑት ነገር ሲፈልግ እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል። ከዚያ ወጣና በሩ ላይ ካለው ጽሑፍ የመጀመሪያውን ፊደል ጥግ በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር። ስቲከሩ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ብሩሽ ከውስጥ ትንሽ አዩትና ስቲከር የሚያሞቁበትን ፀጉር ማድረቂያ ይዘው ወጡ።

"በጥፍርህ መስታወቱን ትጭረዋለህ" አሉት። "ሙቀት ነው የሚፈልገው።"

እሳቸው እያሞቁ፣ እሱ እየሳበ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነሡ። አለቃው የመጨረሻውን በጣቱ ላይ እንደተጣበቀ ይዞ መሬት መሬቱን እያየ፣ የልጅቷ ወንበር መደገፊያው የላላ ስለሆነ ወገባቸውን እንዳያስቸግር ዛሬውኑ እንደሚያሠራው ነገራቸው።