ሰፊው ከጠበበ በኋላ

ሰፈርተኛው «ሰፊው» እያለ ነበር የሚጠራው። «ፊ»ን አላልቶ የጠራ ሙያውን፣ አጥብቆ የጠራ ደግሞ ሰውነቱን ማለቱ ነው፤ እሱ ለሁለቱም «አቤት» ይላል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ፣ የራሱን የለካበት ቀን ትዝ አይለውም። መቶ ስምንት ኪሎ ሲሞላ ጉልበቱ የስፌት መኪናውን መርገጫ አልረግጥም አለውና ጤና ጣቢያ ሄደ። የደም ግፊቱን የለካችው ሲስተር መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ደግማ ለካችው። መሣሪያው ደህና ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ማንም አልጠበቀም። ስኳር ተወ፣ ዳቦውን ከአራት ወደ አንድ አወረደ፣ አውቶቡሱን ትቶ በእግሩ ተመላለሰ። በአሥር ወር ሃያ አራት ኪሎ ጥሎ ሰማንያ አራት ገባ። ሱሪዎቹን ሦስት ጊዜ አጠበበ፤ ትልቁንማ ደንበኞች እያዩ በመቀስ ቀዶ ለስፌት መኪናው መሸፈኛ አደረገው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። እሱ ግን ሰባኪ ሆኖ አረፈው። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ሜትሩ ወገቧ ላይ እንዳለ ስለ ዳቦ ጉዳት ትሰማለች። ታላቅ እህቱ እንኳ መጋረጃ ልታሳጥር መጥታ ምክሩ ሲረዝምባት መጋረጃዋን ይዛ ተመልሳለች። «ሰውነት እንደ ጨርቅ ነው፤ የሚፈልገው ቆራጥ ሰው ብቻ ነው» ይላል፣ መቀሱን ከፍ አድርጎ።

ጥፋቱ ከሙያው መጣ ማለት ይቻላል። ሰፊ ልብሱን ተኩሶ ከሰቀለው በኋላ ሥራው አለቀ ይላል። እሱም ሰውነቱን ተኩሶ የሰቀለው መሰለው። በእህቱ ልጅ ምርቃት ቀን አንድ ቁራጭ ኬክ በላ፤ በደስታ ቀን እምቢ ማለት ሰው ያስቀይማል። በማግስቱ እህቱ የተረፈውን ላከችለት፤ ምግብ መጣል ነውር ነውና እሱንም በላ። ዝናብ ሲመጣ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ሹፌሩን ማስቀየም ከበደው። ሚዛኑን ባትሪው አልቋል ብሎ አልጋ ሥር ሸጎጠው። ባትሪ የሚሸጥበት ሱቅ ከእሱ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

የሌላ ሰው ሱሪ ሲጠብ እውነቱን ይናገራል። የእሱ ግን ጌታው ሰፊ ነውና ዝም ማሰኘት ይቻላል። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉ እምቢ ሲለው «ታጥቦ ገብቶ ነው» አለና የኋላ ስፌቱን ግማሽ ጣት ለቀቀለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ግማሽ ጣት። ጨርቁን ሰደበ፣ ሳሙናውን ሰደበ፣ ጨርቁን የሸመነውን ፋብሪካም አልማረም። በዘጠነኛው ጊዜ የሚለቀቅ ጨርቅ አለቀ። ያኔ ግራና ቀኙን ላስቲክ ገጠመለት፣ ኮቱን ደረበበትና ስብከቱን ቀጠለ።

ከሰበካቸው አንዷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። በእሱ ምክር አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን አጥብቦላት፣ ከዚያ ወዲህ ለወራት ጠፍታለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቀሚስ በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ አሳፈርኩዎት» አለችው። «እንዳሉኝ አልጸናሁም፤ የቀነስኩት ሁሉ ተመልሷል። ይችን ቀሚስ እንደ ድሮዋ ያድርጉልኝ።» በሱቁ ፊት ላለማለፍ ስትል ስንት ጊዜ መንገድ እንደዞረችም ነገረችው።

አፉ ከልማዱ ስለ ቆራጥነት ጀመረ። ሁለት ቃል ሳይናገር እጁ ሳያስበው ላስቲኩ ላይ አረፈ። መምህርቷ፣ ሲያጠፋ እንደተያዘ ሕፃን፣ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ያስደፋት የእሱ አፍ መሆኑ ያኔ ገባው። ተነሥቶ ኮቱን ገለጠ፤ የሱሪውን ወገብ ወደ ውጭ ገልብጦ የተፈታውን ስፌት ፈለግ አሳያት።

«ቁጠሪው» አላት። «ዘጠኙም የኔ ነው። ከዚያ በኋላ ላስቲክ ነው።»

ጣቷን እያስኬደች ቆጠረች። ላስቲኩ ጋ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ሲቀንስ ያን ያህል ባይጮህ ኖሮ ሲጨምር ያን ያህል አይደበቅም ነበር፤ ይህንንም አልሸሸጋትም።

ማምሻውን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሊናዘዝ ተቀመጠ። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ የኖረች ሴት ናት፤ ምንም ነገር አይታ ሳትመድብ አታልፍም። ሱሪውን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ከሦስተኛው መልቀቅ ጀምሮ አውቃለሁ አለችው። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አላት።

«አሥር ወር ሙሉ ስለ ኪሎህ ስትሰብክ ኖርክ» አለች። «መወፈር ስትጀምር እቤት ዝም አልክ። ቤቱ ገና ጸጥ ሲልልኝ ምን ብዬ ላንሳው?»

ቆየት ብላ ግን፣ ብትነግረው ተስፋ ቆርጦ ጭራሹን የሚተወው መስሏት እንደፈራች ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችው።

ቅዳሜ እሱ፣ ሚስቱና መምህርቷ ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። እሱ ዘጠና ሰባት ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ስድብ ሲጠብቅ ሲስተር አልተቆጣችም። የከሳ ሰውነት ከበፊቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ ጉልበቱንም ይቆጥባል፤ የቀነሱት መመለሱ የብዙ ሰው ዕጣ እንጂ የእሱ ነውር ብቻ አይደለም አለችው። ሁለት ኪሎ ሲጨምር ይምጡ፣ አሥራ ሦስት እስኪሆን አይደብቁ ስትልም መከረችው። እሱ ግን ሥራ ማለቅ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?» አላት።

«ፊትዎን መታጠብስ መቼ አለቀልዎት?» አለችው።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ሰማንያ አራትን ዳግም አላያትም፤ ዘጠናና ዘጠና ሁለት መካከል ይመላለሳል፣ ግፊቱም ከዚህ ጋር ተስማምቷል። በዝናብም ጃንጥላ ይዞ፣ ዝናቡን እየረገመ፣ በእግሩ ይሄዳል። ምክር የጠየቀው ሰው ቢኖር ሜትሩን በጥርሱ ነክሶ ዝም ለማለት ይሞክራል፤ ሁልጊዜ አይሳካለትም።

ባለፈው ቅዳሜ ጤና ጣቢያው ሚዛን ላይ እሱ ሁለት ኪሎ፣ መምህርቷ አንድ ተኩል ጨምረው ተገኙ። እሷ ፀጉሬ እርጥብ ስለሆነ ነው አለች። እሱ ጫማዬ ነው አለ። ሲስተር ጫማውን አስወልቃ ደግማ አቆመችው፤ ግማሽ ኪሎ ብቻ ቀነሰ። ሚስቱ ጫማውን አንሥታ ሰጠችውና፣ ዛሬ ወደ ቤት በእግራችን፣ በረጅሙ መንገድ፣ በወንዙ ማዶ ዞረን ነው የምንሄደው አለች።