ምሳ በእንግሊዝኛ

ልጄ የቤት ሥራዋ ላይ አፍጥጣ «ጊቭ አፕ» ስትል፣ ነገሌ የነበረው የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ።

አባቴ በጦር ሰፈሩ አስር አለቃ ነበር። ለእኛ ለልጆቹ ባወጣው ሕግ፣ እንደ «ጌት አፕ»፣ እንደ «ሲት ዳውን» ያለ የእንግሊዝኛ ግሥ በዓረፍተ ነገር ያልተናገረ ልጅ ምሳ አይቀርብለትም፤ ትናንት የተባለም አይደገምም።

አንድ ቀን እናቴ የቦረና ቅቤ የገባበትን የፍየል ወጥ ድስት ታቅፋ፣ «አስር አለቃ፣ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው» አለች።

አባቴ ጣራ ጣራ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ላብ አጠመቀው። ወጡ ይሸታል። በመጨረሻ «አይ ጊቭ አፕ!» አለ።

«ምን አሉ?» አለችኝ እናቴ።

«እጄን ሰጠሁ አለ።»

ድስቱን ከፈተች። «ይብሉ እንግዲህ፤ ምርኮኛ ምግብ አይከለከልም።»

እኔም የልጄን ደብተር አጥፌ ምሳዋን አቀረብኩ።